ከፉርጎ ሳይወርዱ

እሑድ፣ መጋቢት ወር መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከሚኒባስ አልወርድም አሉ።

እኔ ወልድያ አልነበርኩም። መቀሌ፣ ሓድነት፣ በባለቤቴ ወላጆች ሳሎን ውስጥ ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ መናገር ለምዶብኛል፤ ስለዚህ ከወልድያ የማወራው ሁሉ በስልክ የሰማሁት ነው። ከስልኩ ወዲህ ያለውን አይቻለሁ።

አሮጊቷ የባለቤቴ እናት ታላቅ እህት ናቸው። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ በባቡር፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ በመኪና መጥተው፣ ኮምቦልቻ አድረው፣ ንጋት ላይ መቀሌ የሚል ሚኒባስ ተሳፈሩ። አብራቸው ድሬዳዋ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ ልጃቸው አለች። ወልድያ ሲደርሱ ከተሳፋሪው አብዛኛው ወረደና ወደ መቀሌ የሚቀጥሉት ጥቂት ሆኑ። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ሹፌሩ ተሳፋሪዎቹን ሸጣቸው። መሸጥ ማለት፣ ለጥቂት ሰው ብሎ ዳገቱን ከመውጣት፣ እነዚያን ሰዎች ተራ ይዞ ለሚጠብቅ ሌላ ሹፌር አስረክቦ፣ ከተቀበለው ሒሳብ አካፍሎ፣ ራሱ ወደ መጣበት የሚመለስ ሰው መጫን ነው። የተሸጠ ሰው ትንሽ ያጉረመርምና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላው መኪና ይሻገራል። ሌሎቹ ተሻገሩ። አሮጊቷ ግን ከፊታቸው ያለውን ወንበር ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀሩ።

"እማ አልወርድም ብላለች" አለችኝ ልጃቸው። "ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወርዷል። ረዳቱ ይስቃል። ምን ላድርጋት?"

ሳሎን ውስጥ የባለቤቴ አባትና እናት ተቀምጠው ነበር። አባቷን ሰፈሩ ሁሉ በትግርኛ አቦይ፣ አባቴ፣ ይላቸዋል፤ እናቷን አደይ፣ እናቴ። አደይ የመቀሌ ሰው አይደሉም። ያደጉት አዋሽ፣ የኖሩት ድሬዳዋ ነው፤ ስሙን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁለቱም ሰሙ። አደይ አልደነገጡም።

"አትወርድም" አሉ። "እኔም ብሆን አልወርድም።"

አቦይ የተወለዱት እዚሁ፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም። ሥራቸው ፉርጎ መፍታትና መቀጠል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ከመንገደኛው ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። የሚቀጥለው ሰው በዚያ ሙቀት ዕቃውን ተሸክሞ ከባቡር ባቡር እንዳይንከራተት፣ የተቀመጠበት ፉርጎ ራሱ ከነሰዉ ተፈቶ ለጅቡቲው ባቡር ይቀጠላል። መንገደኛው እንደተቀመጠ ባቡር ይለውጣል።

ይህን ለማስረዳት አቦይ ጫማ ይጠቀማሉ። ድሬዳዋ ሰው ቤት ሲገባ ጫማው በር ላይ ይወልቃል፤ ልማዱን መቀሌ ድረስ ይዘውት ስለመጡ በራቸው ላይ ሁልጊዜ የጫማ ክምር አለ። እንግዳ ሲመጣ፣ ወይም እራት በልተን ዝም ስንል፣ አቦይ ይነሱና ከክምሩ እየመረጡ ጫማዎቹን በሳሎኑ ወለል ላይ በሁለት መስመር ይደረድራሉ። ወለሉ የተነጠፈበት ሴራሚክ መስመር መስመር ስላለው ሐዲድ ይሆናቸዋል። ከባዱ ጫማ ሎኮሞቲቭ ነው። ብዙ ጊዜ የእኔ ነው። የአደይ ሰንደል የመንገደኛ ፉርጎ ነው።

"ባቡሩ ገባ፣ ቆመ" ይላሉ። "ሎኮሞቲቩ ተፈቶ ይሄዳል። የራሱ ጉዳይ አለው። አሁን እኔ እገባለሁ።"

"የት?" ይላሉ አደይ፣ መልሱን ስንቴ ሰምተውት ሳለ።

"በሁለቱ ፉርጎዎች መሀል። የአየሩን ቧንቧ በዚህም በዚያም እዘጋለሁ። ካልዘጋሁት ፍሬኑ ይይዛል። ቧንቧውን እነቅላለሁ። መያዣውን አላላዋለሁ፣ ከዚያ አነሳዋለሁ። ወጥቼ ሹፌሩ በሚያየኝ በኩል እቆማለሁ። ክንዴ ወደ ላይ ከሆነ ማንም አይነቃነቅም። ክንዴን ሳወርድ ሌላኛዋ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ከኋላ መጥታ ፉርጎውን ትስባለች፤ ሐዲዱ እስከሚከፈልበት ድረስ። ሐዲዱ ይዞራል። አሁን ትገፋለች። ቀስ ብላ።" ሰንደሉ በሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። "ውስጥ ሰው አለ። የምታጠባ አለች፣ የተኛ አለ። ሻይ ከጣቢያው ገዝቶ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠ አለ። ፉርጎው ከዚያኛው ጋር ሲነካካ ሻዩ ከተደፋ እኔ ሥራ አልሠራሁም።"

"የኔን ደፍተሃል።"

"አንቺ መች ውስጥ ነበርሽ? ያልነበርሽበትን ሻይ እንዴት ነው የምደፋው?"

ይህ ቀልዳቸው ነው። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይደርሳሉ፤ ልጆቻቸውም እዚህ ላይ ይስቃሉ። እኔ አማች ሆኜ እስክገባበት ድረስ ለምን እንደሚሳቅ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደይና ታላቅ እህታቸው ወጣቶች ሳሉ ከአዋሽ ተነስተው ድንበር አጠገብ ደወሌ ወዳለች አክስታቸው ይጓዙ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ባቡሩ ሲቆም ታላቅየዋ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አደይ ብርቱካን ሊገዙ ወረዱ። ብርቱካናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲመለሱ ፉርጎው ከወረዱበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ቀለሙም ያው ነው። ወጡ። በወንበራቸው ላይ እህታቸው የሉም። እኔን ፍለጋ ወርዳ ይሆናል ብለው ተቀመጡ።

ግን ያ ፉርጎ የእነሱ አልነበረም። የእነሱን አቦይ ፈትተው፣ ወስደው፣ ለጅቡቲው ባቡር ቀጥለውታል። በቦታው የቆመው ሊታጠብ የተተወ ባዶ ፉርጎ ነበር። አቦይ መስኮቶቹን ሊዘጉ ሲገቡ አንዲት ልጅ ብርቱካን እየላጠች ተቀምጣለች።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"እህቴን እጠብቃለሁ።"

"ፉርጎሽ ሄዷል።"

"ፉርጎ እንዴት ይሄዳል? እዚሁ ነው ትቼው የወረድኩት።"

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" አሉ አቦይ።

አደይ ሲያወሩት ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ "ወሰደብኝ፣ አላመጣምና አገባሁት።" አቦይ አመጣሁ እንጂ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ታላቅየዋ የነቁት ከተማው ካለፈ በኋላ ነው። መንገደኛው ሁሉ በሚቀጥለው ጣቢያ ውረጂና ተመለሺ ቢላቸው እምቢ አሉ። አስተሳሰባቸው ቀላል ነበር፦ ፉርጎው ይሂድ፣ ይመለስ፣ የፈለገበት ይቀጠል፤ እህቴ የምታውቀው ይህን ወንበር ነው፤ ከወረድኩ በምን ታገኘኛለች? እንደተቀመጡ ደወሌ ደረሱ። አክስታቸው ጣቢያ መጥታ ብትለምናቸውም አልወረዱም። ፉርጎው ሲመለስ በዚያው ወንበር ላይ ድሬዳዋ ገቡ። አቦይ ያንን ፉርጎ ከሌሎቹ መሀል ለይተው አውቀው፣ አደይን በእጃቸው ይዘው በሩ ድረስ አደረሷቸው። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ድሬዳዋ ቀሩ።

"ከፉርጎህ አትውረድ" የዚህ ቤት ምርቃት የሆነው ያኔ ነው። ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ይባላሉ። እኔም ባለቤቴን ስጠይቅ ሽማግሌዎቼ ፊት ተብያለሁ፤ ሽማግሌዎቼ ግን ምን እንደተባለ አልገባቸውም።

አቦይ ጡረታ ሲወጡ አሮጌው መስመር ከሥራ ወጥቶ ነበር። ወደ መቀሌ አዲስ ሐዲድ ይመጣል የሚባልበት ጊዜ ነው። አቦይ ለመመለስ የፈለጉት ለሁለት ምክንያት እንደሆነ ነግረውኛል። አንደኛው በተወለዱበት አገር መቀበር ነው። ሁለተኛው ባቡር ባደገበት ሳይሆን በሚወለድበት አገር ማየት ነው። አደይ እሺ ብለው በአውቶቡስ ተሳፈሩ። የአላማጣ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ ክፉኛ ታመሙ። ማይጨው ሲደርሱ መቀመጥ ስላልቻሉ አንድ ሳምንት ያህል የማያውቁት ሰው ቤት ተኙ። መቀሌ ሲገቡ ያሉትን ባለቤቴ እስካሁን ትደግመዋለች፦ "ከእንግዲህ መኪና የሚባል ነገር ላይ አልወጣም። እህቴ ጋ የምሄደው በባቡር ነው።" ማንም አልተከራከራቸውም። ባቡሩ ቅርብ መስሎ ነበርና።

"አውሮፕላንስ?" አለቻቸው ባለቤቴ አንድ ቀን።

"እሱ ላይ ልውረድ ብል የት እወርዳለሁ፣ አቦ?" አሉ አደይ በድሬዳዋ አነጋገራቸው።

"አንቺ መቼ ትወርጃለሽና?"

"ባልወርድም የምወርድበት መኖር አለበት።"

የሐዲዱ መደልደያ ከከተማው ዳር ሲዘረጋ አቦይና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መሄድ ጀመርን። ሥራ ከሌለኝ እነዳለሁ፤ አቦይ ከፊት ይቀመጣሉ። ከመሬት ከፍ ብሎ በጠጠር የተጠቀጠቀ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደተሰመረ የሚሄድ ግንብ የመሰለ ነገር ነው። አቦይ ላዩ ላይ ወጥተው ወደ ደቡብ ያያሉ። ከእግራቸው በታች ሐዲድ የለም። እሳቸው ግን ሐዲድ እንዳለ ሆነው ነበር የሚራመዱት፤ በመሀሉ ሳይሆን በዳሩ፣ ባቡር ቢመጣ ለመራቅ እንደሚመች። የሚስቴ እህት የምትኖረው በዚያ ነው እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል። ጣታቸው የሚያመለክተው ተራራውን ነበር።

አዲሱ መስመር አዋሽ ሲደርስ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ ከሚሄደው ጋር ይገናኛል። ይህን አቦይ ከሰሙ ጀምሮ የጫማው ድርድር ተለወጠ። የሳሎኑ መግቢያ መቀሌ ሆነ፣ ሶፋው ሥር ድሬዳዋ፣ ምንጣፉ ጫፍ አዋሽ። የአደይ ሰንደል ከመቀሌ ይነሳል፤ አዋሽ ላይ ይፈታል፤ ለድሬዳዋው ባቡር ይቀጠላል፤ ሶፋው ሥር ይገባል። አደይ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሰንደላቸው እግራቸው ሥር ሲደርስ ያያሉ። አንዳንድ ጊዜ እግራቸውን ያስገቡበታል።

"አዋሽ ላይ አልወርድም?"

"አትወርጂም። ትንሽ ጓ ይላል፣ ያ ብቻ።"

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የግራ ጫማዬን አጣሁ። አቦይ ከሶፋው ሥር አወጡልኝ። "ይቅርታ፣ ወደይ" አሉኝ፤ ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። "ድሬዳዋ ቀርቶ ነው።" ጫማውን ሰጥተውኝ ግን መንገድ አልለቀቁልኝም። "አንተ የምትጠይቀው ሰው አለህ። አዋሽ ላይ በእርግጥ ፉርጎውን ይቀይሩታል? ወይስ ሰው ይወርዳል? አጣራልኝ።"

አጣራሁ። ለሌላ ጉዳይ ያነጋገርኩትን አንድ መሐንዲስ መቅረጫዬን ካጠፋሁ በኋላ ጠየቅሁት። ጥያቄው ገርሞት፣ "ሰው ይወርዳል እንጂ" አለኝ። "መድረኩን ተሻግሮ ሌላ ባቡር ይይዛል። አሁን ፉርጎ እየፈታ የሚቀጥል ማን አለ? ባቡሩ እንደተያያዘ ይመጣል፣ እንደተያያዘ ይሄዳል።" አንድ ምንጭ አልበቃኝም። ሌላ ሰው ጠየቅሁ። እሱም ያንኑ አለኝ።

ለአቦይ የነገርኳቸው በዚያው ቅዳሜ፣ መደልደያው ላይ ነው። ከግንቡ ሥር ላሞች ይግጡ ነበር፤ አንዷ ወደ ላይ ወጥታ መሀሉ ላይ ቆመች። አቦይ በዱላቸው ቀስ አድርገው አወረዷት።

"መድረኩን ተሻግራ" አሉ። "ብቻዋን።"

"እርስዎ አብረው ይሆናሉ።"

"እኔ ያኔም ነበርኩ።" ከመደልደያው እየወረዱም፣ "ካልጠየቀችህ አትንገራት" አሉኝ።

አደይ አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም። ሰንደሉ ከመቀሌ መነሳቱን፣ አዋሽ ላይ መፈታቱን፣ ሶፋው ሥር መግባቱን ቀጠለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሐዲዱ ሥራ ቆመ። ስልክም ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ የሆነውን በሌላ ቦታ ጽፌያለሁ፤ እዚህ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ አደይ ታላቅ እህታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ከረሙ። የጫማው ድርድር ቀረ። ጫማዎቹ በር ላይ እንደተቆለሉ ቀሩ፤ አቦይ ሲገቡም ሲወጡም ይረግጧቸው ነበር። አንድ ቀን ግን አደይ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሰንደላቸውን አንስተው ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ አዋሽ ላይ፣ አስቀመጡት። አቦይ ሌላ ክፍል ነበሩ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

"አንተ" አሉኝ አደይ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሁሉንም አንተ ነው የሚለው፤ ክፍለ ከተማ ሄደው ሥራ አስኪያጁንም አንተ ሲሉት ሰምቻለሁ። "እዚህ ጋ መውረድ አለ አይደል?"

ጠየቁኝ። "አለ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሳሎን ተቀምጬ ሬድዮ እሰማለሁ፣ የሐዲድ ሠራተኞቹ ሚስቶች ያወራሉ። አውቃለሁ። እሱን ግን ጫማ ሲደረድር ዝም በለው። ድሬዳዋን የሚያየው ያኔ ብቻ ነው።" ሰንደሉን በእግራቸው ገፋ አድርገው ሶፋው ሥር አስገቡት።

ስልክ የተመለሰ ዕለት ቤታቸው ነበርኩ። መስመሩ ብዙ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ገባ። ያነሱት ታላቅየዋ ራሳቸው ናቸው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እህትሽ ነኝ፣ ከመቀሌ ነኝ።"

"ማነው? ማነው እሱ?"

ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ ነገረችን። እናቷ ጆሯቸው ከሄደ ሰንብቷል። ከጥሩንባ የበለጠ ቢጮኹባቸውም አይሰሙም። ከዚያ ቀን ወዲህ አደይ ሲደውሉ ልጅየዋ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች፤ ታላቅየዋ የመጣላቸውን ይናገራሉ፣ አደይ ይሰማሉ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሥጋ ዋጋ። መልስ ስለማይሰሙ ጥያቄ አይጠይቁም። ንግግራቸው ሲያልቅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ይቆያሉ። አደይም እንዲሁ።

"እኔስ እሰማታለሁ" አሉን አንድ ቀን አደይ። "የጎደለባት እሷ ነች።"

ታላቅየዋ ያንኑ አስበው ኖሯል። በየካቲት መጨረሻ ልጅየዋ ደወለችና እናቴ ሻንጣ አዘጋጅታለች አለች። ማንም አላማከሩም። "እሷ ባቡር እየጠበቀች ነው። እኔ ደግሞ ያለው ባቡር እስካደረሰኝ ልሂድ" ነው ያሉት። ያለው ባቡር አዋሽ አደረሳቸው። አዋሽ ላይ ያለ ክርክር ወርደዋል፤ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መሆኑን ስለሚያውቁ መውረጃቸው ያ ነበር። ኮምቦልቻም ማደሪያቸው ስለሆነ ወረዱ። ከኮምቦልቻ የተሳፈሩበት መኪና ግን ፊቱ ላይ መቀሌ ይላል። ልጃቸውን ወረቀት ላይ አስጽፈው አረጋግጠዋል። መቀሌ ካለ መቀሌ ነው። መሀል መንገድ ውረዱ የሚላቸውን ሰው ከንፈር አዩ፤ ምን እንዳለ ገባቸው፤ የፊቱን ወንበር ያዙ።

ይህ ነው ወልድያ ላይ የሆነው።

አቦይ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "ሹፌሩን ስጭኝ" አሉ።

የሹፌሩ ድምፅ የወሎ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ የሰለቸው። "አባባ፣ እንደምን አደሩ። እናትዎ መኪናዬን ይዘውብኛል።"

"የሚስቴ እህት ናት።"

"የማንም ይሁኑ። በአላህ፣ በምልክት ነገርኳቸው፣ ልጅየዋም ነገረቻቸው። ወንዶች ጠርቼ ላንሳቸው? አላነሳም። ሰው ምን ይለኛል?"

"እንዳትነካት። ስማኝ። ያ ተሳፋሪህን የገዛው መኪና ሰው አለው?"

"ሊሞላ ነው። የመቀሌ ሰው ነው የጫነው።"

"አንተስ ለኮምቦልቻ ሰው አግኝተሃል?"

"ከውጭ ቆመው እኔን ይጠብቃሉ።"

አቦይ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ፣ መልሰው አስጠጉት። ጎንበስ ብለው ከበሩ ክምር የእኔን ጫማና የአደይን ሰንደል ማንሳት ጀመሩ። በስልክ እያወሩ ወለሉ ላይ ደረደሯቸው።

"እሷ ያለችበት ፉርጎ አይነካም። የዚያ መኪና ሰዎች ወዳንተ ይምጡ። የአንተ የኮምቦልቻ ሰዎች ወደዚያ ይሂዱ። አንተ ወደ መቀሌ ትወጣለህ፣ እሱ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሒሳባችሁን በዚያው ተቀያየሩ።"

"ባቡር መሰለዎት እንዴ፣ አባባ?"

"አዎ።"

ሹፌሩ ሳቀ። ከኋላው ሌሎችም ሳቁ። "እኔ እኮ ምሳዬ ኮምቦልቻ ነው። ልጆቼ ይጠብቁኛል።"

"የዚያኛው ሹፌር ምሳስ?"

ድምፁ ራቀ። ሲከራከሩ ይሰማን ነበር፤ አንዱ የአላጄን ዳገት ያነሳል፣ ሌላው የጎማውን ነገር። ሌላኛው ሹፌር የኮምቦልቻ ልጅ እንደሆነ፣ ዘመዱ ሞቶበት ለቅሶ ሊደርስ አስቦ ተራው ወደ ሰሜን ስለወጣለት ተስፋ ቆርጦ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ከመሀል አንድ የመንገደኛ ድምፅ፣ በትግርኛ አነጋገር፣ "ንኺድ፣ እንሂድ በቃ፣ እንሻገር፤ ለአንዲት እናት ነው" ሲል ሰማን። ከዚያ የሻንጣ መጎተት፣ የበር መንሸራተት።

"ቀስ" አሉ አቦይ። "ሲጭኑ መኪናውን እንዳያንገጫግጩት።"

"ሻይ አልያዘችም፣ አቦ" አሉ አደይ። "ተወው።"

ልጅየዋ ስልኩን መልሳ ወሰደች። "ሰው ገባ፣ እማ አልተንቀሳቀሰችም" አለች። "መኪናው ሲነሳ ብረቱን ለቀቀችው።"

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። አደይ ልብስ ቀየሩ፣ መልሰው የድሮውን ለበሱ። ጎረቤቶች እየገቡ "አደይ፣ ገና ነው?" ይላሉ። አቦይ በወለሉ ላይ ያለውን ድርድር አላነሱም፤ የገባ ሁሉ እየተራመደበት አለፈ። መስመር ባለበት ቦታ ልጅየዋ ትደውል ነበር። አላማጣ። ማይጨው። ማይጨው ላይ አደይ፣ "ታመመች?" ብለው ጠየቁ። አልታመሙም፤ ተኝተው ነበር። አደይ በዚህ ትንሽ የተናደዱ መሰሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ሚኒባሱ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች መናኸሪያ አውርዶ ሓድነት ደረሰ። ሹፌሩ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብሎ ወጣና በሩ ፊት ቆመ። ልጅየዋ ወረደች። ታላቅየዋ በመስኮቱ በኩል ይታዩ ነበር፤ ከሹፌሩ ኋላ፣ ሻርፓቸውን እስከ አገጫቸው አስረው። ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ፊት ነበር የሚያዩት።

አቦይ ከመኪናው ኋላ ሄደው፣ ሹፌሩ በመስታወቱ በሚያያቸው በኩል ቆሙና ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

አደይ የመኪናው በር ጋ ቆሙ። መኪና ላይ ሲወጡ አይቼ አላውቅም። ከሳሎኑ ድርድር አንስተው የተጫሙትን ሰንደል ከመኪናው ደረጃ ሥር አወለቁ፣ የበሩን ጠርዝ ያዙና ወጡ። ከእህታቸው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም አልወረዱም ነበር።